በደብተር የተወለደ ልጅ ለቅሶ

እትዬ የውብዳር ማረፋቸውን የሰማሁት መሰላል ላይ ሆኜ ነው። ካዛንቺስ የአንድ ሆቴል ጣሪያ እየቀባሁ ነበር። አንድ የቂርቆስ ሰው ከታች አንጋጦ፣ «ሽፈራው፣ እትዬ የውብዳር አረፉ፤ ቀብሩ ስድስት ሰዓት ነው» አለኝ። እኔ በሃያ ምናምን ዓመት የቀለም ሥራዬ አንዲት ጠብታ ያለ ቦታዋ ጥዬ አላውቅም፤ ይህን የማያውቅ ባለ ቤት ካዛንቺስ ውስጥ የለም። ያን ቀን ግን ጣሳው ከእጄ አምልጦ የሆቴሉ አዲስ ምንጣፍ ላይ ተገለበጠ። ባለቤቱ ሊጮህብኝ አፉን ከፍቶ ፊቴን ሲያይ መልሶ ዘጋው።

እትዬ የውብዳር ደራሲ ነበሩ። መጽሐፋቸውን የትም ሱቅ ብትሄዱ አታገኙትም። ለምን እንደማይገኝ የምናውቀው ጥቂት ሰዎች ነን፤ እኔም በቂርቆስ ስም ምዬ ስለነበር እስከ ዛሬ አፌን ይዣለሁ። የምስጢሩ ባለቤት ወይዘሮ ደብሪቱ ካቻምና ሞቱ፣ አሁን ደግሞ እሳቸው። መሐላው የታሰረላቸው ሁለቱም ስለሌሉ ልናገር።

ስለ ራሴ ብዙ አላወራም። ትሕትና እወዳለሁ፤ በትሕትና ደግሞ ቂርቆስ ውስጥ የሚበልጠኝ የለም። ትምህርት ቤት በሕይወቴ አንድ ቀን ገብቻለሁ፤ እሱም በሩን ልቀባ። ማንበብ የለመድኩት ብቻዬን፣ ከመቃብር ድንጋይ ላይ ነው፤ መጀመሪያ አጥርቼ ያነበብኩት «እዚህ ያረፈው» የሚለውን ነው። ጎበዝ አስተማሪ ድንጋይ ነው፤ አይቆጣ፣ አይማታ።

ጊዜው የጣልያን ነው። ዛሬ ካዛንቺስ የምንለው ሰፈር ያኔ የኖራና የድንጋይ ክምር ነበር፤ ጣልያን ለሹማምንቱ ቤት ይሠራበታል፣ እኔ ኖራ እቀባለሁ። ስድስት ቀን የጣልያንን ግድግዳ ሳነጣ እሰነብትና እሑድ ቂርቆስ ሰንበቴ እገባለሁ። ቅዳሴ ወጥቶ፣ ዳቦ ተቆርሶ፣ ጠላው አንዴ ከዞረ በኋላ እትዬ የውብዳር የጻፉትን ሊያነቡልን ከነጠላቸው ሥር ደብተር ያወጣሉ። በቃ፣ ሰንበቴው ጸጥ ይላል። ጠላ ቀጂው ራሱ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ ቆሞ ይቀራል።

ያን ጊዜ አምስት ሰው ቆሞ ካወራ ስድስተኛው ሰላይ ነው። ሰንበቴውን የቤተ ክርስቲያን ነገር ነው ብለው ተውልን፤ ብቻችንን ግን አልተውንም፣ አንድ አስተርጓሚ መደቡ ጫፍ ላይ አስቀመጡልን። የምንለውን ሰምቶ ለካራቢኜሬዎቹ፣ ለጣልያን ፖሊሶች፣ እንዲነግር ነው። ሰውየው መጀመሪያ ፊቱን አጥቁሮ ይቀመጥ ነበር። ከሦስት እሑድ በኋላ ከእኛ ቀድሞ እየመጣ ጥሩ ቦታ ይይዝ ጀመር።

እትዬ የውብዳር አርባ አልፏቸዋል፤ ባላቸው ሞቶባቸዋል፤ ልጅ አልወለዱም። የሚተዳደሩት ደብዳቤ በመጻፍ ነበር። እናቶች ቤታቸው ይመጡና ሩቅ ላለ ልጃቸው ያስጽፋሉ። አንድ ቀን፣ «እትዬ፣ ሳይወልዱ የእናት ነገር ከየት አወቁት?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ እርሳሳቸውን ከሹሩባቸው መሃል መዘዝ አድርገው፣ «እናት ስታስጽፍ ‹ደህና ነኝ› ትላለች። ከዚያ ወገቤ እንዲህ ሆኗል፣ ጎረቤት እንዲህ ብሎኛል፣ ናፍቆቱ ሊገድለኝ ነው ብላ ስታበቃ ‹እሱን አትጻፊው› ትለኛለች። እኔ አትጻፊው የተባልኩትን ነው የምጽፈው» አሉኝ።

የደብተሩ ታሪክ ይህ ነው። በድሮ ዘመን እልፍነሽ የምትባል ሴት አለች። አንድ ልጇ በለጠ ከሲራራ ነጋዴ ጋር በቅሎ ነድቶ ሊሄድ ይነሳል። እሷ አትሂድ፣ እሱ እሄዳለሁ፤ ተጣሉ። በመጨረሻ፣ «እንግዲያው ሂድ! ደግሞ እንዳትመለስ!» አለችው። እሱም ሄደ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ደጅ ማየት ነው። በቅሎዋ ዳማ ትሁን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ይመዝገብልኝ።

ይህ ክፍል የተነበበ ቀን ሰንበቴው ተናጋ። ስምንት የወለዱት ወይዘሮ አስካለች ብድግ አሉ። እሳቸው ሲናገሩ ካዛንቺስ ያለው ግንበኛ ሁሉ ይሰማቸዋል።

«ውሸት ነው! እናት ልጇን እንዳትመለስ አትልም!»

«ትላለች፣ አስካለች» አሉ እትዬ የውብዳር፣ ጣታቸውን ምልክት አድርገው ደብተሩን ከድነው።

«አንቺ ምን አውቀሽ? ያልወለደ አንጀት!»

«ባለፈው ሳምንት ሦስተኛው ልጅሽ ማሰሮ ሲሰብር ምን አልሽው?»

«እሱማ... ምነው ድንጋይ በወለድኩ አልኩት። እሱ ግን ንዴት ነው!»

«እልፍነሽም ተናዳ ነው።»

ሰዉ ሳቀ። አስካለች ራሳቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። እትዬ የውብዳርም ወዲያው ዳር ላይ ጻፏት። «ድንጋይ በወለድኩ» የምትለዋ ነገር በሚቀጥለው እሑድ ከእልፍነሽ አፍ ወጣች፤ አስካለችም ግራ ቀኝ እያዩ፣ «የኔ ናት፣ የኔ ናት እኮ» ሲሉ ዋሉ።

እንዲህ ነበር። እናት ልጆቿን እኩል ትወዳለች ወይ? ልጇን ትፈራለች ወይ? ልጇ ሄዶ አንድ ቀን እፎይ ብትል ኃጢአት ነው ወይ? ማንበቡ ሩብ ሰዓት፣ ክርክሩ እስከ ምሳ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ፣ «እናትን እንዲህ ማዋረድ ምንድን ነው? በተረት ያለች እናት ታለቅሳለች፣ ትመርቃለች፣ አለቀ» ብለው ተቆጡ። እትዬ የውብዳር በአገጫቸው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጠቆሙ። «አባቴ፣ የምንስማት ደጅ የማን ናት? ሕፃኑ ቂርቆስና እናቱ ኢየሉጣ አይደሉም? የፈላውን ጋን አይቶ ማን ፈራ? እናትየው ናት የፈራችው። ልጁ ነው አይዞሽ ያላት። ፈራች ተብሎ ተጻፈላት፣ ቅድስናዋም አልቀረባት።» ሽማግሌው አማተቡ። እኔም ሙግት ላይ የሚረታኝ ሰው እምብዛም ነው፤ እሳቸውን ግን አንድ ቀን እንኳ ረትቻቸው አላውቅም።

እንዲህ እንዲህ እያልን አምስት ወር በለጠን ጠበቅነው። ይመለሳል ብዬ ሰፈሩን ያሳመንኩት እኔ ነኝ። «ለፋሲካ፣ በዳማዋ በቅሎ ላይ፣ ነጭ በነጭ ለብሶ ነው የሚመጣው፤ ለደራሲዋ ቅርብ ነኝ» እያልኩ እደነፋ ነበር። ደግሞም እውነቴን ነው። የሚመለስበትን ክፍል ጽፈው ጨርሰው ለእኔ ለብቻዬ አንብበውልኛል። ከሥራ የተረፈ ኖራ አምጥቼ ቤታቸውን ስቀባላቸው ለነበረው ምርቃት መሆኑ ነው።

ግድግዳው በአንድ ቀን አላለቀም። በማግስቱ ከመጋረጃው ጀርባ ጓዳውን እየቀባሁ ሳለ ወይዘሮ ደብሪቱ መጡ። ወይዘሮ ደብሪቱን ሰፈሩ ሁሉ ያከብራቸዋል፤ ዝምተኛ፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። ልጃቸው ታደሰ ጅማ ሄዶ ሥራ ይዟል ይባል ነበር፤ በቤት ሁለት ትንንሽ ሴቶች ልጆች አሏቸው። ሰንበቴ ላይ ከሁሉ ኋላ ተቀምጠው ይሰማሉ እንጂ አንድ ቀን ተናግረው አያውቁም።

«ደብዳቤ ነው?» አሉ እትዬ የውብዳር።

«አይደለም። የውብዳር፣ በለጠ ይመለሳል?»

«እሱን አልነግርሽም። እሑድ ትሰሚያለሽ።»

«አይመለስ።»

ብሩሼ ቆመ።

«ምን አልሽ?»

«ግደይልኝ። ልጅሽን ግደይልኝ። እሑድ ይሙት።» ድምፃቸው እንደ ልማዳቸው ዝቅ ያለ ነው። «ታደሰ ጅማ አይደለም። ዱር ነበር፣ ከአርበኞቹ ጋር። ኅዳር ላይ ነው የወደቀው፤ የነገረኝ ሰው በዓይኑ አይቷል። አራት ወሬ ነው። ካለቀስኩ ይጠይቁኛል፣ ከጠየቁኝ ቤቴን ያቃጥሉታል፣ ሴቶቹን ይወስዱብኛል። ትራስ እየነከስኩ ነው የምኖረው። ሰው ‹ታደሰ እንዴት ነው?› ሲለኝ ‹ደህና ነው፣ ይመስገን› እላለሁ፤ በየቀኑ! አንድ ጊዜ፣ የውብዳር፣ አንድ ጊዜ ድምፄን አውጥቼ ልጮህለት። ያንቺ ልጅ የሞተ ቀን ሴቱ ሁሉ ያለቅሳል። እኔም መሃል እገባለሁ። ማን ያውቃል?»

«ደብሪቱ፣» አሉ እትዬ የውብዳር፣ «እኔ ያለኝ እሱ አንድ ልጅ ነው።»

«እኔም ወንድ ልጅ አንድ ነበረኝ።»

ወይዘሮ ደብሪቱ ሊወጡ ሲነሱ ነው እትዬ የውብዳር የጠየቋቸው። «የክርስትና ስሙ ማን ነበር?»

«ወልደ ማርያም። ከንስሐ አባቴና ከኔ በቀር የሚያውቀው የለም።»

እኔ ጓዳ ውስጥ ኖራ በአፌም በዓይኔም ገብቶ ቆሜያለሁ። ሴትየዋ ሲወጡ መጋረጃው ተገለጠ። «ሰምተሃል?» አሉኝ። «አልሰማሁም» አልኩ፤ እንባዬ ግን ይፈሳል። እጄን ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዙረው አማሉኝ። ተመልከቱ እንግዲህ፤ ሰፈሩ የሚያውቀኝ በወሬ ነው። ለእኔ ምስጢር መስጠት ለድመት ዓሣ አደራ እንደ መስጠት ነው። ያን ሳምንት ሰው እንዳላገኝ ብዬ በጓሮ በጓሮ ነበር ካዛንቺስ የምሄደው። አንዱ አግኝቶኝ፣ «በለጠ መቼ ነው የሚመጣው?» ሲለኝ፣ «ሆዴን ቁርጠት ይዞኛል» ብዬው ሮጥኩ።

እሑድ ደረሰ። እትዬ የውብዳር ዓይናቸው አብጧል፤ ሳምንቱን ልጁ የሚመለስበትን ገጽ ቀደው ሲገድሉት ነው የሰነበቱት። እልፍነሽ ደጅ ተቀምጣ አቧራ ታያለች። አስካለች፣ «መጣ! መጣልሽ!» ብለው አጨበጨቡ። በቅሎዋ መጣች። ባዶዋን ነበረች።

እትዬ የውብዳር ድምፃቸው ሳይሰበር አነበቡ። የታሪኩ ቄስ እናትየው ፊት ቆሞ የሟቹን የክርስትና ስም ጠራ። «የአገልጋይህን የወልደ ማርያምን ነፍስ ማር» የምትለውን ዓረፍተ ነገር አነበቡና ደብተሩን ከደኑ።

መጀመሪያ የጮኹት ወይዘሮ ደብሪቱ ናቸው። ያ ድምፅ ከእንደዚያ ያለ ቀጭን ሴት እንዴት እንደ ወጣ እስከ ዛሬ አላውቅም። «ወልደ ማርያም! ልጄ! ወልደ ማርያም!» ብለው ነጠላቸውን ታጠቁ፣ ደረታቸውን መቱ። ከዚያ ሁሉም ተከተለ። አስካለች መሬት ላይ ተንከባለሉ። ያን ጊዜ ያላለቀሰለት ሟች የሌለው ማን ነበር? ሁሉ የየራሱን አለቀሰ፣ የሚጠራው ስም ግን አንድ ነው። የወይዘሮ ደብሪቱ ንስሐ አባትም እዚያው ነበሩ። ስሙን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ፤ ተነሥተው፣ «አቡነ ዘበሰማያት በሉለት» አሉ። አንድ ሰው፣ «አባ፣ ለተረት ሰው?» ቢላቸው፣ «ስም ያለው ነፍስ አለው። በል ድገም!» አሉት። ደገምን።

ልክ በዚህ መሃል አንድ ካራቢኜሬ ጠመንጃውን ይዞ በበሩ ገባ። «ኪ ሞርቶ? ኪ ሞርቶ?» ይላል፤ ማን ሞተ ነው የሚለው። ጣልያንኛ እኔ በስድስት ወር ከግንበኞች ለምጃለሁ፤ ሮም ብሄድ አልራብም። ዘልዬ ፊቱ ቆምኩና፣ «ኔሱኖ ሞርቶ! ካርታ ሞርቶ!» አልኩት። ማንም አልሞተም፣ የሞተው ወረቀት ነው ማለቴ ነው። ሰውየው እንደ እብድ አየኝ። አስተርጓሚው ዓይኑን በእጅጌው እየጠረገ መጣና ረጅም ነገር ነገረው፤ «ሙሎ» ሲል ሰማሁ፣ በቅሎ መሆኗ ነው። ካራቢኜሬው አላመነም። ሴቶቹን አንድ በአንድ ማየት ጀመረ። ሌላው ሁሉ በድንጋጤ ዝም ብሏል፤ ወይዘሮ ደብሪቱ ብቻ ማቆም አልቻሉም። እሳቸው ጋ ሊደርስ ሁለት ሴት ቀረው።

እትዬ የውብዳር ተነሥተው መንገዱ ላይ ቆሙ። ደብተሩን በሁለት እጃቸው አቀረቡለት። «ያስለቀሳቸው ይሄ ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ» አሉ። አስተርጓሚው ተረጎመ። ካራቢኜሬው ደብተሩን ገለጥ ገለጥ አደረገ፣ ዳር ዳሩን የተጻፈውን አየ፣ በብብቱ ወሸቀው፣ «ይመረመራል» ብሎ ይዞት ወጣ።

ደብተሩ አልተመለሰም። የአምስት ወር ሥራ ሌላ ግልባጭ አልነበረውም። መጽሐፉ ሱቅ የማይገኘው ለዚህ ነው።

እኔ ይህን አይቼ ነው ማድነቅ ምን እንደሆነ የገባኝ፤ ከዚያ በፊት የማደንቀው ራሴን ብቻ ነበር። ሰዉ ግን ይህን ምን ያውቃል? ድንጋጤው ሲያልፍ ቁጣው መጣ። አስካለች አቧራቸውን እያራገፉ፣ «ምን አደረገሽ? ምን አደረገሽ ልጁ?» አሉ። «አምስት ወር ጠብቀነው! አንዲት ቃል ብትጽፊ ይመጣ ነበር! ወልደሽ ብታዪ ኖሮ እጅሽ አይታዘዝልሽም ነበር!»

ምላሴን በጥርሴ ያዝኩት፤ እንደ ጉድ ይበላኝ ነበር። ወይዘሮ ደብሪቱ ከኋላ አንገታቸውን ቀና አድርገው ሊናገሩ ሲሉ አየሁ። እትዬ የውብዳርም አይተዋል። ራሳቸውን በትንሹ ነቀነቁ፤ አትናገሪ ነው። ነጠላቸውን አጣፍተው ብቻቸውን ሄዱ። እየተሰደቡ እንደዚያ ቀጥ ብሎ የሄደ ሰው አላየሁም።

ማክሰኞ ከሥራ ስመለስ ቀሪውን ግድግዳ ልጨርስ ብዬ እሳቸው ዘንድ ገባሁ። እውነቱን ለመናገር ግድግዳው አልቋል። ብቻቸውን እንዳይሆኑ ብዬ ነው። ተቀምጠው ባዶ ወረቀት ያያሉ። ምንም አልቀመሱም።

በሩ ተንኳኳ። አስካለች ናቸው፤ ሙሉ መሶብ ተሸክመዋል። ከኋላቸው አሥራ ምናምን የሰንበቴ ሴቶች፣ ማን ንፍሮ፣ ማን ሽሮ፣ ማን ጠላ ይዘው ቆመዋል። ወይዘሮ ደብሪቱም መሃላቸው ናቸው።

«ምን ላድርግ?» አሉ አስካለች፣ እንደተቆጡ ናቸው። «ሁለት ቀን እንቅልፍ የለኝም። ዛሬ ሣልስቱ ነው። ሰው ሞቶ እዝን ሳልወስድ ቀርቼ አላውቅም። ወደ ማን ቤት ልውሰደው? እልፍነሽ ቤት የላት! ያው እናቱ አንቺ ነሽ።»

ገብተው መደቡን ሞሉት። እየተራ፣ «እግዜር ያጥናሽ» አሏቸው። እትዬ የውብዳር በሕይወታቸው እናት ተብለው አያውቁም፤ ሐዘንተኛ እንደሚያደርገው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ተቀበሉ። ወይዘሮ ደብሪቱ ጎናቸው ተቀመጡ። እንባቸው ዝም ብሎ ይወርዳል፤ የሚከለክላቸው የለም። ለቅሶ ቤት ነዋ።

አስካለች መሶቡን ከፍተው ትልቅ ጉርሻ ጠቀለሉ። ሐዘንተኛ ካላጎረሱት አይበላም። «በይ፣ አፍሽን ክፈቺ» አሉ።

እትዬ የውብዳር የአስካለችን እጅ ቀስ ብለው መለሱት። «መጀመሪያ ለደብሪቱ።»

«ደብሪቱ ምን ሆነች? ሐዘንተኛዋ አንቺ!»

«እሷ ካልበላች እኔ አልበላም።»

አስካለች ጉርሻውን እንደያዙ ዞረው ደብሪቱን አዩ። ስምንት የወለዱ ሴት ናቸው፤ ቆይተው ቆይተው ፊታቸው ላይ የነበረው ቁጣ ሲወርድ አየሁት። አፋቸውን ከፈቱ፤ ያች ካዛንቺስ ድረስ የምትሰማ ድምፅ አሁን ትመጣለች ብዬ ፈራሁ። አልመጣችም። ምንም አልጠየቁም። ተንበረከኩና ጉርሻውን ወደ ወይዘሮ ደብሪቱ አፍ አቀረቡ።

«እግዜር ያጥናሽ፣ ደብሪቱ» አሉ፤ ከአጠገባቸው ላለነው ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «ብዪ እንግዲህ፣ እህቴ። ብዪ።»

ወይዘሮ ደብሪቱ በሉ።